ከመጠምጠም መማር ይቅደም

ስለ ጠላቂ ዋናና ስለ ምስክር ወረቀቱ፤ ለጓዶችና ለባለቤቶቻቸው

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ አበው። ጥምጣም የሊቅነት ምልክት እንጂ ሊቅነቱ ራሱ አለመሆኑን፣ ሻሽ በራሱ ላይ የጠቀለለ ሁሉ ቅኔ አዋቂ ሊሆን እንደማይችል ለማስገንዘብ የተነገረ ብሂል ነው። አባባሉ በደብርና በገዳም ቅጥር ብቻ ተወስኖ የሚቀር አይደለም። በጦር ሠፈርም፣ በትምህርት ቤትም፣ እንዲሁም የዛሬው ርእሳችን በሆነው በባሕር ሆድ ውስጥም ይሠራል።

ባለፈው ሰሞን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ሃምሳ አለቃ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ጓድ ሃምሳ አለቃ በዕረፍቱ ወቅት ወደ ባሕር ጠረፍ ወርዶ፣ ስኩባ የሚባለውን ማለትም አየር የታመቀበትን ቦምቦላ በጀርባ ተሸክሞ ከውኃ በታች እየተነፈሱ የመዋኘትን ሙያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ጨርሶ ተመልሷል። ካርዱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ከረከቦቱ አጠገብ አኖረው። ሁላችንም ተቀባበልነው፤ አመሰገንነውም። ቀጥሎ ግን በሚመጣው ወር ከፍተኛውን ኮርስ ለመውሰድ መወሰኑንና ገንዘቡም መዘጋጀቱን ሲነግረን፣ ባለቤቱ የያዘችውን ጀበና መልሳ ማቶቱ ላይ አስቀመጠች።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ» አለችኝ። «ገንዘቡ ለልጆቹ ዩኒፎርም የተቀመጠ ነው። ይሁን፣ የዩኒፎርሙስ ነገር ይደረስበታል። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ፣ አራት ጊዜ ብቻ ገብቶ የወጣ ሰው አሁን ሠላሳ ሜትር ልውረድ ማለቱ ነው።»

እርሱም፣ «ብቁ ነህ ብለው እኮ ነው ካርዱን የሰጡኝ! ወረቀቱን ካላመንሽ ማንን ልታምኚ ነው?» ሲል መለሰላት።

በዚያ ቤት የተነሣው ክርክር የአንድ ቤት ክርክር ብቻ አይደለም። በባሕርና በሐይቅ አጠገብ የሚያገለግሉ፣ በውኃ ላይ ነፍስ አድን ሥራ የሚሰለጥኑ፣ ወይም በዕረፍታቸው ይህን ስፖርት የሚሞክሩ ጓዶች ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥማቸው ጥያቄ ነው። ስለሆነም ፍርዱን በቡና መካከል ከመስጠት ይልቅ በዚህ ገጽ ላይ በዝርዝር ልመልስ ቃል ገብቼ ወጣሁ።

ወረቀቱ ምን ይላል?

በዓለም ላይ ጠላቂዎችን አሰልጥነው የምስክር ወረቀት የሚሰጡ ድርጅቶች ብዙ ናቸው። በስፋት ከሚታወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ የተመሠረተው ፓዲ ነው። በዚህ ድርጅት ሥርዓት መሠረት የመጀመሪያው ደረጃ፣ ማለትም «ክፍት ውኃ ጠላቂ» የሚባለው፣ ከንድፈ ሐሳብና በረጋ ውኃ ከሚደረግ ልምምድ በኋላ በባሕር ወይም በሐይቅ ውስጥ አራት ጊዜ መጥለቅን ይጠይቃል። ይህን ያለፈ ሰው እስከ 18 ሜትር ሊወርድ ይችላል። ቀጣዩ፣ አድቫንስድ የሚባለው ከፍተኛ ደረጃ፣ አምስት ጊዜ መጥለቅን ብቻ ይጠይቃል፤ ከአምስቱም አንዱ የጥልቀት፣ አንዱ የአቅጣጫ ልምምድ መሆን አለባቸው። የተፈቀደው ጥልቀትም ወደ 30 ሜትር ከፍ ይላል።

ልብ በሉ ጓዶች! በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ይህን ያህል ጊዜ ልምድ መቅሰም አለብህ የሚል ግዴታ የለም። ዛሬ የመጀመሪያውን ካርድ የተቀበለ ሰው ነገ ጧት ሁለተኛውን ሊጀምር ይችላል። በድምሩ ዘጠኝ ጊዜ ጠልቆ «ከፍተኛ» የሚል ስም ይሸከማል ማለት ነው። በአንጻሩ ያው ድርጅት ለሌሎች መሪ መሆን ለሚሻ ሰው፣ ዳይቭማስተር ለሚባለው ደረጃ፣ ትምህርቱን ለመጀመር 40 ጊዜ፣ ለማጠናቀቅም 60 ጊዜ ጠልቆ በመዝገብ ማስፈሩን ይጠይቃል። እንግዲህ ወረቀት ሰጪው ራሱ፣ ኃላፊነት ሲከብድ ልምድን በቁጥር እንደሚመዝን ከዚህ እንረዳለን። በመካከል ያለውን ክፍተት እንዲሞላ የተተወው የጠላቂው የራሱ ንቃትና ዲሲፕሊን ነው።

የውኃው ሒሳብ

ንቃት ስንል ባዶ ቃል እንዳይሆን ሒሳቡን እንመልከት። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት አንድ ነው ብንል፣ በየአሥር ሜትሩ ጥልቀት አንድ አንድ ይጨመርበታል። በ10 ሜትር ሁለት፣ በ30 ሜትር አራት ይሆናል። ጠላቂው የሚተነፍሰው አየርም በዚያው መጠን ይታመቃል፤ ስለዚህ በ30 ሜትር አንድ ትንፋሽ ከቦምቦላው የሚያወጣው አየር በወለል ላይ ከሚያወጣው አራት እጥፍ ነው።

አሥራ ሁለት ሊትር የሚይዝ ቦምቦላ በ200 ባር ሲሞላ 2400 ሊትር አየር ይሰጣል። ከዚህ ላይ ለክፉ ቀን የሚቀመጠውን 50 ባር፣ ማለትም 600 ሊትር፣ ስንቀንስ 1800 ሊትር ይቀራል። አዲስ ጠላቂ ስለሚቸኩልና እጅ እግሩን ስለሚያወራጭ በደቂቃ 25 ሊትር ይፈጃል እንበል። በ10 ሜትር 36 ደቂቃ ይቆያል፤ በ30 ሜትር ግን 18 ደቂቃ ብቻ። ትንፋሹን የገራ፣ በደቂቃ 15 ሊትር የሚበቃው ሰው በ10 ሜትር አንድ ሰዓት፣ በ30 ሜትር 30 ደቂቃ የሚያስተነፍስ አየር አለው። ያው አዲስ ሰው በ30 ሜትር ደንግጦ አተነፋፈሱ ወደ 40 ሊትር ቢያሻቅብስ? አሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ!

ቦምቦላው ያው፣ ባሕሩም ያው ነው። ልዩነቱ ያለው በሰውየው ደረት ውስጥ ነው፤ ይህም በትምህርት ክፍል የሚሰጥ ሳይሆን በመደጋገም የሚገኝ ነው።

ጊዜውም እንዲሁ ይጠብባል። በጥልቀት የምንተነፍሰው ናይትሮጅን በደማችንና በሥጋችን ውስጥ ይሟሟል፤ ብዙ ቆይተን ፈጥነን ከወጣን አረፋ ሠርቶ ሊያሽመደምድ፣ ሊገድልም ይችላል። ስኮትላንዳዊው ሳይንቲስት ሃልዴንና ባልደረቦቹ በፍየሎች ላይ ሙከራ አድርገው እ.ኤ.አ. በ1908 ያወጡት ሰንጠረዥ፣ ጠላቂ በደረጃ ቆም እያለ እንዲወጣ መሠረት ጥሏል። ዛሬ በስፋት ከሚሠራባቸው ሰንጠረዦች በአንዱ መሠረት፣ ጠላቂ በመካከል ለመቆም ሳይገደድ መውጣት የሚችለው በ18 ሜትር እስከ 56 ደቂቃ ሲሆን በ30 ሜትር ግን 20 ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚህም ላይ በ30 ሜትር አካባቢ የናይትሮጅን ስካር የሚሉት ነገር ይጀምራል፤ ሰውየው መጠጥ ሳይቀምስ አእምሮው ይፈዛል፣ ያየውን ቁጥር ትርጉሙን ይስታል።

ግለሂስ

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። ሌላውን ከመተቸት በፊት ራስን መተቸት ይገባልና፣ የራሴን ጥፋት በግልጽ አቀርባለሁ።

ከአካዳሚ ከተመረቅሁ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዕረፍቴ ጅቡቲ ወርጄ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የመጀመሪያውን ደረጃ ተማርሁ። በአራት ጊዜ መጥለቅ ካርዴን ተቀበልሁ። በአካዳሚ በአካል ብቃት ከማንም የማላንስ ስለነበርሁ፣ ባሕሩም እንደ መሰናክል ሜዳ የሚገበር መሰለኝ። በማግስቱ ከፍተኛውን ኮርስ ጀመርሁ። በሦስተኛው ቀን የጥልቀት ልምምዱ ደረሰ።

እስከ 20 ሜትር ድረስ ሁሉ ደኅና ነበር። ከዚያ በኋላ ሰደርያዬን በአየር መቼ እንደምነፋ ግራ ገባኝ፤ ብዙ እርሳስ በወገቤ ታጥቄ ስለነበር ወደ ታች እጎተት ጀመር፤ ይህን ለመቋቋም በእግሬ መቅዘፊያ ያለማቋረጥ ቀዘፍሁ። በቀዘፍሁ መጠን አየሬን ፈጀሁ። በ28 ሜትር ላይ የግፊት መለኪያዬን አየሁት። መርፌው 70 ላይ ነበር። ማየቱን አይቻለሁ፤ ነገር ግን ሰባ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ለማን መናገር እንዳለብኝ፣ እጄ የትኛውን ምልክት ማሳየት እንዳለበት ፈጽሞ አልመጣልኝም። መለኪያውን መልሼ ለቀቅሁትና መዋኘቴን ቀጠልሁ። ይህን ባሰብሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ጀርባዬን ይበርደኛል።

አስተማሪው ዞር ብሎ ባያየኝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁም ነበር። መለኪያዬን ራሱ አንሥቶ አነበበ፤ ትርፍ መተንፈሻውን በአፌ አስገባልኝ፤ ክንዴን ይዞ ቀስ እያለ አወጣኝ። በ5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቆመን ወለል ላይ ደረስን። ጥፋቱን በማንም ላይ አላላክክም፤ ቸኩዬ የገባሁት እኔ ነኝ። የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነው። ቀሪዎቹን ልምምዶች ጨርሼ በማግስቱ «ከፍተኛ» የሚለውን ካርድ በእጄ ሰጡኝ። ሕጉ የሚጠይቀውን አምስት ጊዜ አሟልቻለሁና። ካርዱ ላይ ስለ ሰባው ባር የሚናገር አንዲት ቃል አልነበረችም።

ከዚያ በኋላ ያንን ካርድ በሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ ከ8 እስከ 12 ሜትር ወዳለው ውኃ ተመለስሁ። እዚያው አንድ ኮራል አጠገብ ሃያ ጊዜ ያህል ከልምድ አዋቂ ጋር ገብቼ ወጣሁ። የእርሳሱን ክብደት በየጊዜው እየቀነስሁ ልኩን አገኘሁ። ጠላቂ የሆንሁት በእነዚያ ሃያ ቀላል ቀኖች ነው እንጂ በ28 ሜትሩ ቀን አይደለም።

ምጽዋን ያነሣው ሰው

በቀይ ባሕራችን አካባቢ የልምድን ዋጋ የሚመሰክር ታላቅ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1941 የእንግሊዝ ጦር ዛሬ በኤርትራ ወደምትገኘው ምጽዋ ሲቃረብ፣ ኢጣሊያኖች ወደቡ እንዳያገለግል መርከቦቻቸውንና ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎቻቸውን ራሳቸው አሰጠሙ። በ1942 ወደዚያ የተላከው አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኮንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ፣ በዚያ እሳት በሚተፋ ሙቀት ውስጥ፣ በጥቂት ሰዎችና በጎደለ መሣሪያ፣ ብዙዎች አይነሣም ያሉትን ትልቁን ተንሳፋፊ መጠገኛ በታመቀ አየር ኃይል ውኃውን ከሆዱ አስወጥቶ አነሣው።

ይህ ሰው ምጽዋ ሲደርስ ጀማሪ አልነበረም። ከዚያ በፊት፣ በመስከረም 1925 ኤስ 51 የተባለች የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ ከአንዲት የመንገደኞች መርከብ ጋር ተጋጭታ ሰጥማ፣ ከ36 ሰዎች 33ቱ ሞተው ነበር። ከ40 ሜትር ጥልቀት ያወጣት ኤልስበርግ ሲሆን፣ ሥራው በክረምት ተቋርጦ እስከ ሐምሌ 1926 ፈጅቷል። እርሱም ከላይ ሆኖ በማዘዝ ብቻ ሳይወሰን፣ ራሱ መጥለቅን ተምሮ፣ ጠላቂዎቹ የሚሠሩበትን ጨለማ በዓይኑ አይቷል። በምጽዋ የታየው ድል እንግዲህ ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት የተዘራ ዘር ፍሬ ነበር።

በዚያ ዘመን ጠላቂ የመዳብ ቁር ደፍቶ፣ ከላይ በቱቦ አየር እየተላከለት ይሠራ ነበር። በጀርባ የምንሸከመው የዛሬው መሣሪያ የተሠራው ከምጽዋው ሥራ በኋላ፣ በ1943 በፈረንሳዮቹ ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን ነው። ይህ መሣሪያ መውረድን አቅልሎታል፤ ልምድን ግን አልተካም። እንዲያውም መውረዱ በመቅለሉ ልምድ የሌለው ሰው ከአቅሙ በላይ ለመውረድ በር ተከፍቶለታል።

ሌላው ወገን ምን ይላል?

ፍትሐዊ ለመሆን የተቃራኒውን ሐሳብ ማዳመጥ ይገባል። «ከፍተኛው ኮርስ ራሱ እኮ ልምድ ነው። አምስቱም ጊዜ አስተማሪ አጠገብህ አለ። ሁለት ጀማሪዎች ብቻቸውን ልምድ እንቀስማለን ብለው ከሚገቡ፣ በአስተማሪ ዓይን ሥር ቢሆኑ አይሻልም?» የሚሉ አሉ። ይህ ንግግር እውነት አለበት። ጨዋ አስተማሪ፣ በቂ ቀን፣ ትንሽ ቡድን ካለ፣ በቶሎ የተወሰደ ኮርስ ብዙ ሊጠቅም ይችላል። በተለይ በውኃ ውስጥ በኮምፓስ አቅጣጫን የመጠበቅ ልምምድ ለማንም ጀማሪ መልካም ነው።

ስለዚህ ስሕተቱ ኮርሱን በጊዜ መውሰድ ብቻ አይደለም። ስሕተቱ ኮርሱን የልምድ ምትክ አድርጎ መቁጠር ነው። እጁ መነጽሩንና ሰደርያውን በመቆጣጠር ብቻ የተወጠረ ሰው አስተማሪው ስለ ጥልቀት የሚነግረውን ለመቀበል የሚተርፍ አእምሮ የለውም። መሠረታዊው ነገር በእጁ ውስጥ የገባለት ሰው ግን በዚያው ኮርስ፣ በዚያው ገንዘብ፣ እጥፍ ይማራል። ምልምል ወታደር ጠመንጃውን መፍታትና መግጠም ዓይኑን ጨፍኖ ካልቻለ ወደ ሌሊት ልምምድ እንደማይወሰድ ሁሉ፣ በውኃ ውስጥም ሥርዓቱ ያው ነው።

ልምድ በምን ይለካል?

አንዳንዶች ቁጥር ጥሩልን ይላሉ። እኔ ሃያ ወይም ሃያ አምስት ጊዜ ብል አስተያየቴ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ጠላቂው ራሱን የሚጠይቅባቸው አምስት ነገሮች ይበልጣሉ።

አንደኛ፣ ሚዛን። በ5 ሜትር ላይ እጅና እግርህን ሳታንቀሳቅስ፣ ሳትወጣና ሳትወርድ፣ ሦስት ደቂቃ ተንሳፈህ መቆየት ትችላለህን? ከወለል አጠገብ የግፊቱ ለውጥ እጅግ ፈጣን ነው፤ ከ10 ሜትር እስከ ወለል ብቻ አየር መጠኑ እጥፍ ይሆናል። ትንፋሹን ይዞ የሚወጣ ሰው ሳንባው ሊቀደድ የሚችለው በዚህ ቀላል በሚመስለው ውኃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጥልቀት የሌለው ውኃ የሕፃናት መጫወቻ ሳይሆን ዋናው ትምህርት ቤት ነው።

ሁለተኛ፣ መነጽርህ ውኃ ቢሞላ ከቦታህ ሳትነሣ፣ ሳትደናገጥ፣ በአፍንጫህ ተንፍሰህ ታጸዳዋለህን?

ሦስተኛ፣ መለኪያህን ከማየትህ በፊት ስንት ባር እንደ ቀረህ ገምተህ ወደ እውነቱ ትቀርባለህን?

አራተኛ፣ ተጣማሪህ የት እንዳለ በማንኛዋም ቅጽበት ታውቃለህን? በራሱ ችግር የተጠመደ ሰው ጓዱን አያይም፤ ጓዱን የማያይ ደግሞ በውኃ ውስጥም ሆነ በየብስ ወታደር ሊባል አይገባውም።

አምስተኛና ከሁሉ የሚከብደው፣ እምቢ ማለት ትችላለህን? ሞገዱ ሲበረታ፣ ጆሮህ ሲያምህ፣ ወይም ልብህ ሲከብድ፣ በጀልባዋ ላይ ያሉት ሁሉ እያዩህ «ዛሬ አልገባም» ማለት ጀግንነት ነው። ከዚህ ውጭ ያለው ጀብደኝነት ይባላል።

ለደጋ ልጆች ደግሞ የተለየ ማሳሰቢያ አለ። በባሕር የተማሩት ሒሳብ በሐይቆቻችን ላይ እንዳለ አይሠራም። ከባሕር ወለል በላይ ከ300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ ውኃ የራሱ ስሌት ያስፈልገዋል፤ ጣና ደግሞ 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። እንዲሁም በባሕር ጠልቆ በዚያው ዕለት በአውሮፕላን መሳፈር ወይም በመኪና ወደ ደጋ መውጣት፣ በሰውነት ውስጥ የቀረውን ናይትሮጅን ወደ አረፋ ሊለውጥ ይችላል። ለበረራ የሚመከረው፣ አንድ ጊዜ ከጠለቁ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግመው ከጠለቁ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ነው። «ዕረፍቴ አልቋል፣ ዛሬውኑ ጦር ክፍሌ መድረስ አለብኝ» የሚል ጓድ ይህን ቀን አስቀድሞ ከዕረፍቱ ላይ ይቀንስ።

የቤተሰብ ዓምድ፦ ለባለቤቶች

እኅቶቻችን፣ የባላችሁ ደኅንነት የእናንተም ጉዳይ ነውና ከዳር ቆማችሁ እንድትሰጉ አንመክርም። «አትሂድ» ማለት ብዙ ጊዜ ሰውየውን ወደ እልህ ይመራዋል፤ ዝም ማለትም ለብቻ ከመጨነቅ በቀር ፋይዳ የለውም። ከሁለቱ የሚሻለው ማወቅና መጠየቅ ነው።

ጠላቂ ሁሉ የሚይዘው መዝገብ አለ። ቀኑ፣ ቦታው፣ ጥልቀቱ፣ የቆየበት ደቂቃ፣ ሲገባና ሲወጣ የነበረው አየር ይጻፍበታል። መዝገቡን አምጣ በሉት። የኔ ባለቤት ከታጁራው ጉዳይ በኋላ የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ስንት አየር ቀርቶህ ወጣህ?» ትለኛለች። ምን ያህል እንደ ወረድሁ ጠይቃኝ አታውቅም። መጀመሪያ ላይ ጥያቄዋ ይከነክነኝ ነበር። ኋላ ግን ከወረድሁበት ጥልቀት ይልቅ የቀረኝን አየር ማስታወስ ለመድሁ፤ ከ28 ሜትር ላይ የጠፋብኝን ነገር ቤቴ ውስጥ መልሼ አገኘሁት ማለት ነው።

ገንዘቡንም በሚመለከት እንነጋገር። ከፍተኛው ኮርስ ከዓመት በኋላም አይጠፋም፤ የልጆች ዩኒፎርም ግን ትምህርት ቤት ሲከፈት ይፈለጋል። ልምድ ለመቅሰም የሚወጣው ገንዘብ በጥቂት በጥቂቱ የሚከፈል ስለሆነ ለአንድ ቤት በጀት የተሻለ ነው።

ወደዚያ ቡና ቤት ልመለስና ልጨርስ። ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ከመሄዱ በፊት ለሃምሳ አለቃውና ለባለቤቱ አነበብሁላቸው። እርሱ ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ» አለና ከመሳቢያው የደብተር መዝገቡን አወጣ። አራት መስመር ብቻ ነበረበት። ባለቤቱ ተቀብላው በብዕር እስከ ሃያ ድረስ ተራ ቁጥር ጻፈችበትና መለሰችለት። ዩኒፎርሙ በዚህ ወር ይገዛል። ኮርሱ ሃያኛው መስመር ሲሞላ ይሆናል።

ጓዶች፣ ባሕሩ የትም አይሄድም። ካርዱን የሚጠይቀን በወደብ ያለው ሰው ነው፤ ባሕሩ ግን የሚጠይቀን ሌላ ነገር ነውና፣ መልሱን በእጃችን ይዘን እንግባ።